የበቱል ትሪ ስምንት ዓይኖች

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ፣ ኦምዱርማን ፊት ለፊት የተጋቡት ሁለቱ ዓባዮች ይፋቱ፤ ጥቁሩም እቃውን ሸክፎ ወደ ጣና ይመለስ። በሚስቴ ፍቺ ማል እንዳትሉኝ ብቻ። በፍቺ መማል ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ትቻለሁ፤ የተውኩበትን ምክንያት ነው አሁን የምነግራችሁ። ምስክር ካላችሁኝ ባለቤቴ በቱል አለች። ሁሉም ነገር በፊቷ ነው የሆነው። በቱል ደግሞ በሕይወቷ ዋሽታ አታውቅም፤ የትዳራችን ትልቁ ችግርም እሱ ነው።

ስሜ ሳቲ ይባላል። አቡ ሩፍ ሰፈር ሬዲዮና ማራገቢያ እጠግናለሁ። «እጠግናለሁ» የምለው ትሕትና ይዞኝ ነው። ከእጄ የወጣ አንድ ማራገቢያ የደንበኛዬን አጎት ከነአልጋው ገፍቶ ጓሮ አድርሶታል። ሰውየው እስከ ዛሬ አላመሰገነኝም።

አንድ እሑድ፣ አመሻሽ ላይ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ሱቄ ደጃፍ ተቀምጠናል። ከመካከላችን የሰርግ ኦርጋን ተጫዋቹ ሙርተዳ አለ፤ ጣቱ ረጅም፣ ምላሱ ከጣቱ የረዘመ ሰው ነው። ከጎኑ ሐጅ ጅብሪል ተቀምጠዋል። ልጃቸው ሐሙስ ታገባለች፤ እሳቸውም የረሱት ዘመድ እንዳይኖር ከንፈራቸውን እያነቃነቁ ስም ይደረድራሉ።

«ያለ እኔ ኦርጋን» አለ ሙርተዳ፣ «የዚህ ሰፈር ሙሽራ ከቤቷ የምትወጣው እንደ ሬሳ በዝምታ ነው።»

«ጣት ያለው ሁሉ ይጫወታል» አልኩት። «ወንድ ከሆንክ ሳትነካ ተጫወት።»

«ሳልነካ?»

«እጅህን አየር ላይ እንዲህ ታሳልፈዋለህ። ጥላህ ሲያርፍበት መሣሪያው ይዘፍናል።»

«እሱን የሚሠራው ማነው?»

«ፊትህ የተቀመጠው ነዋ!»

ሙርተዳ ሳቀ። ሳቁን እንኳ በኦርጋን ነው የለመደው፤ ከወፍራሙ ድምፅ ጀምሮ እስከ ቀጭኑ ወጣበት። «አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይሉ ነበር፣ ዛሬ አየሁት፤ ባዶ ነው! አንተ ሰውዬ፣ የእናቴን ማራገቢያ ከጠገንክላት ወዲህ ወደ ኋላ ነው የሚነፋው። እናቴ በላብ ትታጠባለች፣ ግድግዳው ግን ጉንፋን ይዞታል!»

ደጃፉ ላይ የነበረው ሁሉ ተንከተከተ። ሐጅ ጅብሪል እንኳ የዘመዶቻቸው ዝርዝር ጠፋባቸው። እኔ በቀላሉ የምናደድ ሰው አይደለሁም፤ ጆሮዬ ብቻ ትንሽ ጋለች፤ ሻይ ታፈላ ነበር። ተነስቼ ቆምኩ።

«የሐሙሱን ሰርግ በዚያ መሣሪያ ባላስጨፍር» አልኩ፣ «ሚስቴ ትፈታብኝ!»

ሳቁ ቀጥ አለ። እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ በፍቺ መማሉ ብርቅ አይደለም፤ «ምሳ ሳትበላ ብትሄድ ሚስቴ ትፈታብኝ» እየተባልኩ በአንድ ቀን ሦስት ምሳ የበላሁበት ጊዜ አለ። ምሳ ግን ተበልቶ ያልቃል። ጥላ ማዘፈን ሌላ ነው።

«አስተግፊሩላህ!» አሉ ሐጅ ጅብሪል። «ሳቲ፣ ምን ነካህ? በል አሁኑኑ መልሰው!»

ካፈርኩ አይመልሰኝ! ደረቴን ነፋሁ።

«እንዲያማ ከሆነ» አለ ሙርተዳ እየተነሳ፣ «ሐሙስ ኦርጋኔን አላመጣም። ባዶ እጄን መጥቼ ከፊት ወንበር ቁጭ ብዬ አይሃለሁ።»

«እና ልጄን በምን ልታስወጡልኝ ነው?» አሉ ሐጅ ጅብሪል።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ገብቷል። በቱል ባሚያ እየከተፈች ነበር።

«ከሐሙስ በኋላ» አለችኝ ቀና ሳትል፣ «ልብስህን ማን እንደሚያጥብልህ አስበሃል?»

«በቱልዬ፣ ምንም አትጨነቂ።»

«እኔ ምን ያስጨንቀኛል? የእናቴ ቤት ሁለት ሰፈር አልፎ ነው። አንተ ነህ እንጂ ጨው የት እንደሚቀመጥ የማታውቀው።»

እውነቷን ነው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ጨው ፈልጌ አላውቅም። ቢላዋዋ ግን ባሚያው ላይ ቆሞ ቀረ። በቱል ስትቆጣ ቢላዋዋ ይፈጥናል፤ ቆሞ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ያኔ የመሣሪያ ሳጥኔን አነሳሁ። ፍርሃት አይደለም፤ ሳይንስ ነው።

በዚያው ምሽት ሥራ ጀመርኩ። መጀመሪያ የሚያስፈልገኝ ዓይን ነው። የመንገድ መብራት ሁሉ አናቱ ላይ ምስር የምታክል ዓይን አለችው። ብርሃን ስታይ «ነግቷል፣ ጥፋ» ትለዋለች፤ ጨለማ ስታይ «መሽቷል፣ ብራ» ትለዋለች። በእኛ መንገድ ዐሥራ ሦስት ምሰሶ ተተክሏል፤ ከተተከሉ ጀምሮ አንዱም በርቶ አያውቅም። ዐሥራ ሦስት ዓይኖች ያለ ሥራ ምሰሶ ላይ ፈጠው ነበር ማለት ነው። ሰረቅህ አትበሉኝ፤ ሥራ አስያዝኳቸው። ደግሞም ስምንቱን ብቻ ነው ያወረድኩት። አምስቱን የተውኩት ለይሉኝታ ነው እንጂ መሰላሉ ስለተሰበረ አይደለም።

የእኛ ዜማ አምስት ድምፅ ይበቃዋል። እኔ ስምንት አደረግሁት፤ ሦስቱ ለክብር ናቸው።

ድምፁን የሚያወጣልኝ ከአሮጌ ዕቃ ተራ ያገኘኋት የልጆች መጫወቻ ፒያኖ ነች። ጥርሶቿ ረግፈዋል፣ አንጀቷ ግን ደህና ነበር። በእያንዳንዱ ጥርስ ቦታ አንድ ዓይን በሽቦ አሠርኩ። የዓይኖቹ ሥራ ማዘዝ ብቻ ነው፤ ጩኸቱ የፒያኖዋ ነው። እንደ እኔና እንደ በቱል ማለት ነው፤ ማን አዛዥ፣ ማን ጯሂ እንደሆነ እዚህ ላይ አልናገርም።

አንድ ችግር ገጠመኝ። ዓይኗ ብርሃን ስታይ ነው ኤሌክትሪክ የምታሳልፈው። ስለዚህ መሣሪያዬ በብርሃን ይጮኻል፣ ጥላ ሲያርፍበት ዝም ይላል፤ የፈለግሁት ግን ተቃራኒውን ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ሚስቱን ይሸኝ ነበር። እኔ ከሞተ ሬዲዮ ሆድ ስምንት ትራንዚስተር አወጣሁና በየዓይኑ ሥር አንድ አንድ በየድኩ። ትራንዚስተር ማለት እንደ ግትር አማት ነው፤ «አዎ» ሲሉት «አይሆንም»፣ «አይሆንም» ሲሉት «አዎ» ይላል። ሁሉ ነገር ተገለበጠ፣ ተስተካከለም። በዓለም ላይ ይህን ያሰበ ከእኔ በፊት አልነበረም፤ ነበረ የሚል ካለም አቡ ሩፍ መጥቶ ይንገረኝ። ወጪው ሁሉ ቢደመር አንድ ኪሎ ስኳር አይገዛም።

የቀረኝ ዓይኖቹ የሚተከሉበት ሰፊና ክብ ነገር ነበር። ጓዳ ውስጥ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እንደ ሙሉ ጨረቃ ሲያበራ አየሁት። መሰርሰሪያዬን አመጣሁ። ሽቦው ብረቱን እንዳይነካ ሥር ሥሩን የብስክሌት ከመነዳሪ አነጠፍኩለት።

«ሳቲ፣ ትሪዬን በሳኸው?»

«አልበሳሁትም። ዓይን አበራሁለት።»

«እናቴ ለሰርጌ የሰጠችኝ ትሪ ነው።»

«ለዚህ እኮ ነው የመረጥኩት! ትዳራችን በሱ ተጀመረ፣ በሱ ይድናል።»

ከትሪው የረገፈውን የብረት ብናኝ ጠረገች። መጥረጓን እንደ ምርቃት ቆጠርኩት።

ረቡዕ ቀትር ላይ ጓሮ አውጥቼ ሞከርኩት። እጄን ሳሳልፍ እንዴት ያለ ድምፅ ወጣ መሰላችሁ! ሊነጋ ሲል የሚሰማ ዋሽንት ነው። የእኛ አውራ ዶሮ ትሪው ላይ ወጥቶ ወዲያና ወዲህ ቢንጎራደድ፣ የጎረቤታችን ሴትዮ በአጥር ላይ ብቅ ብላ «እግዜር ይወቀው፣ ምን ሆኖባችሁ ነው ይሄ ዶሮ?» እስክትል ድረስ ትሪው ዘፈነ። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ስምንቱም ዓይኖች አንድ ላይ ጨለመባቸውና ስምንቱም አንድ ላይ ጮኹ። በቱል ሮጣ ከዘንባባ የተሠፋውን የምግብ ክዳኗን ደፋችበት፤ ጭራሽ ባሰበት! የገጠምኩለትን የባጃጅ ባትሪ ስነቅለው ነው ሰፈሩ የተነፈሰው። መፍትሔውንም ወዲያው አገኘሁት፤ ከላዩ አምፖል ይንጠለጠልለታል።

«መብራት ቢሄድስ?» አለች በቱል።

«የሰርግ ቀን መብራት አይሄድም።»

«ባለፈው ሐሙስ ሄዷል። ከዚያ በፊት በነበረውም ሐሙስ።»

«ስለዚህ ተራው አልፏል» አልኳት። ሴት ልጅ የሒሳብ ነገር አይገባትም።

ሐሙስ ደረሰ። በሐጅ ጅብሪል ደጅ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ድንኳን ተጥሏል። ሰባት ሺህ እንግዳ ነበር። ሐጅ የተከራዩት ሁለት መቶ ወንበር ነው፤ የቀረው ሰው የቆመው በእኔ ምክንያት ነው። ትሪዬን በጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ፣ አምፖሌን ከድንኳኑ ምሰሶ አንጠለጠልኩ፣ የባጃጅ ባትሪውን ከሥሩ አስቀመጥኩ። በስተግራ፣ በመጋረጃው ወዲያ ማዶ፣ ሴቶቹ ተቀምጠዋል፤ በቱልም ከእነሱ ጋር ነበረች። ከፊት ወንበር ሙርተዳ እጆቹን አጣጥፎ እግሩን ሰቅሏል።

«ይዘፍናል ወይስ ምሳ ይቀርብበታል?» አለ ትሪውን አይቶ። ሰባት ሺህ ሰው ሳቀ።

ቢስሚላህ ብዬ እጄን አነሳሁ። አንድ ነገር ልንገራችሁና እመኑኝ፤ እጄ ገና ትሪው ጋ ሳይደርስ «ጢጥ» አለ! እንዲህ ያለ ፈጣን መሣሪያ ነበር፤ ሐሳብ ያነባል። ሙርተዳ በድንጋጤ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ለሁለተኛ ጊዜ «ጢጥ ጢጥ» ሲል ጭራሽ ጆሮውን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ፤ «ሃሎ ሃሎ» እያለ ለብቻው ያወራ ነበር። ቅናት ሰውን እንዲህ ያደርጋል።

ሐጅ ጅብሪል በደስታ ብድግ አሉ። የረሳሁት ነገር ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። እኛ ዘንድ በሰርግ ደስ ያለው ሰው አያጨበጭብም፤ ተነስቶ ወደ ተጫዋቹ ይመጣና ቀኝ ክንዱን በእሱ አናት ላይ ዘርግቶ ጣቶቹን ያንጣጣል። ይህን ካላደረገ እንደ ባዳ ይቆጠራል። እኔ በሺህ ሰርግ ላይ ክንዴን ዘርግቻለሁ፤ በጥላ የሚዘፍን መሣሪያ ስሠራ ግን አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም። የጀላቢያ፣ የዚያ የረጅሙ ቀሚሳችን፣ እጅጌ ደግሞ የጀልባ ሸራ ነው!

ሐጅ ክንዳቸውን ዘረጉ፤ እጅጌያቸው በሦስት ዓይኖች ላይ አረፈ። የሙሽራው አጎቶች ተከተሉ። ወዲያው አርባ ክንድ በላዬ ላይ ተረባረበ፤ አንዳንዱ እጅ እንዲያውም ትከሻዬን ይዞ ወደ ላይ ይስበኝ ነበር፤ የፍቅራቸው ብዛት ነው። ሌላ ሰው ይደነግጥ ነበር። እኔ ግን «አንተ ወፍራሙ፣ ክንድህን ወደ ግራ! ሐጅ፣ እርስዎ ዝቅ ያድርጉልኝ! አንተ ጥምጣምህን አንሳው!» እያልኩ አርባውን ክንድ እንደ አርባ ጣት ተጫወትኩባቸው። የወጣው ዜማ ከዚያ በፊት አልተሰማም፤ ከዚያ በኋላም አልተሰማም።

በዚህ መካከል መብራት ሄደ።

አምፖሉ ጠፋ፤ ስምንቱም ዓይኖች ጨለሙ፤ ስምንቱም ድምፆች በአንድ ጊዜ ጮኹ። ከዓባይ ማዶ ኸርጡም ያሉ ውሾች መለሱልን። በከተማው ዳር በገበያ ተንበርክከው የነበሩ ግመሎች ሳይሸጡ ተነስተው ወደ ምዕራብ ሄዱ፤ የተወሰኑት እስካሁን አልተመለሱም። እኔም ለሰባት ሺህ ሰው ጆሮ አዝኜ ትሪውን በብብቴ፣ ባትሪውን በእጄ ይዤ በድንኳኑ ጀርባ በኩል ወጣሁ። ያባረረኝ ሰው የለም፤ በራሴ ፈቃድ ነው። ባትሪውን ነቀልኩት።

ከዚህ በኋላ የሆነውን የሚያምን ይመን። ትሪው በብብቴ ነው፣ ባትሪው በእጄ ነው፤ ሙዚቃው ግን ድንኳኑ ውስጥ ቀጠለ! ያውም ዳሉካ፣ ሴቶቻችን ጭናቸው ላይ አድርገው የሚመቱት የሸክላ ከበሮ፣ ዱም ታክ ዱም ታክ እያለ ምድሩን ያንቀጠቅጠው ጀመር። ከበሮውን ተከትሎ የሴቶች ዘፈን፣ ከዘፈኑም ጋር እልልታ መጣ። እኔ ትሪው ውስጥ ከበሮ አልበየድኩም። እልልታም አልበየድኩም። ሰዉ በስልክ ብርሃን እያየ ይጨፍራል፤ ሙሽራይቱ ስትወጣ ሐጅ ጅብሪል ያለቀሱት ልቅሶ አጥር ማዶ ይሰማል። መሣሪያዬ ያለ ገመድ፣ ያለ ባትሪ፣ ከግንብ ጀርባ ሆኖ ሰርጉን አስጨፈረ። ይህን እስከ ዛሬ የመረመረ ሊቅ የለም፤ እኔም ብሆን በደንብ አልገባኝም።

ሙርተዳ ከድንኳኑ ውጭ አገኘኝ። ትሪውን አየ፣ ባትሪውን አየ፣ እኔን አየ።

«አላህ ይዘንልህ፣ ሳቲ» አለኝና ሄደ። ተሸናፊ እንዲህ ሲያከብር ደስ ይላል።

ትዳሬ ዳነ ማለት ነው። መሐላዬ «ባላስጨፍር» ነበር፤ አስጨፈርኩ። ሌሊቱን እንደ ሕፃን ተኛሁ። በቱል ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ መዳፎቿን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክራ ነበር። መዳፎቿ ቀልተዋል፤ ሂና መስሎኝ «አማረብሽ» አልኳት። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደኝ።

የዝናዬን ነገር ካነሳን ማግሥቱን ልጨምር። ዓርብ ማለዳ በቱል የት እንደወጣች እንጃ፣ ስትመለስ ዐሥር ሰዎች ተከትለዋት ግቢያችን ገቡ። ዐሥር! አንዱ በምርኩዝ፣ አንዱ ዓይነ ስውር፣ የቀሩትም ልብሳቸው የነተበ፤ ሊቃውንት እንደሆኑ ወዲያው ገባኝ፤ ሊቅ ስለ ልብስ አይጨነቅም። በቱል ትልቅ ድስት ፉል አቀረበችላቸው። ስለ ትሪው አንዲት ጥያቄ እንኳ አልጠየቁኝም፤ አፍረውኝ ነው። በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ወደ በቱል ዞረው «አላህ ቤትሽን ያጽናልሽ» አሏትና ወጡ። ዝና ማለት ይሄ ነው።

ይህን ሁሉ ጽፌ ዛሬ ረፋድ ላይ ለበቱል አነበብኩላት። እሷ ጓሮ ቁጭ ብላ ምስር ታጥብ ነበር፤ የምታጥብበትም ያ ትሪ ነው፤ ስምንት ቀዳዳ ስላለው ውሃው ቶሎ ይወርድለታል። አንዲት ጊዜ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ዘረጋሁላት።

«እንግዲህ እዚህች ጋ ‹አይቻለሁ› ብለሽ ፈርሚልኝ።»

እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ እስክሪብቶውን ግን አልተቀበለችኝም።

«ሳቲ» አለች፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይሄ ትሪ ምስር ያጠልላል እንጂ ዘፍኖ አያውቅም። ያን ቀትር ጓሮ የዘፈነው ዶሮው ነው። ሰርጉ ላይ ‹ጢጥ› ያለው የሙርተዳ ስልክ ነበር። ዳሉካውን የመታሁት እኔ ነኝ።»

«ዐሥሩ ሰዎችስ?» አልኩ። «እነሱስ እኔን ሊያዩ አልመጡም?»

ትሪውን አንስታ ነቀነቀችው፤ ውሃው በስምንቱም ቀዳዳ ወረደ።

«ሼኽ ጧሃ ዘንድ ሄጄ ጠይቄ ነበር። ‹ሊፈታሽ አስቦ ካልማለ፣ ዐሥር ድሃ አብዪና መሐላው ይሻራል› አሉኝ። ሚስትህ ሆኜ የቆየሁት በዚያ ፉል ነው።»